ሞግዚትና ልጅ የሚውሉበትን ቤት በካሜራ መከታተል፦ ከካሜራው ግዢ እስከ ቅጂው አያያዝ

ሁለቱም ወላጆች ሥራ ውለው የሚገቡበት ቤት ካሜራ መስቀል አዲስ አበባ ውስጥ የተለመደ ነገር ሆኗል። ተሰቅሎ የሚሠራው ግን ሁሉም አይደለም። ካርዱ ተበላሽቶ መቅዳት ያቆመ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር አብሮ የሚጠፋ፣ ወይም ግድግዳና ጣሪያ ሲያሳይ የሚውል ካሜራ በየቤቱ አለ። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ተደብቆ የተሰቀለው ነው። ሞግዚቷ አንድ ቀን ትደርስበታለች፤ ከዚያ በኋላ ልጁን የምትይዘው እንደ ሌባ እንደተጠረጠረች የሚሰማት ሰው ናት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚያርፈው በአንድ አቋም ላይ ነው፦ ካሜራው የሚያየው ልጁ የሚውልበትን ቦታ ነው፤ ሞግዚቷም መኖሩን፣ የት እንዳለና ማን እንደሚያየው ታውቃለች።

በመጀመሪያ ለሞግዚቷ ይነገራት

የመነጋገሪያው ጊዜ ቅጥሩ ከመጽናቱ በፊት ነው፤ ደላላው ወይም የኤጀንሲው ሰው ባለበት፣ ቢቻል ተያዧም ተገኝቶ። ቀድሞ የተቀጠረች ከሆነች ግድግዳው ከመበሳቱ በፊት። ወሬው ረጅም መሆን የለበትም፤ ለምሳሌ እንዲህ ማለት ይበቃል፦

«እህቴ፣ ሳሎንና ልጁ የሚጫወትበት ክፍል ካሜራ ልናስገባ ነው። ስንከታተልሽ የምንውል እንዳይመስልሽ፤ በላ ወይ፣ ተኛ ወይ፣ ወደቀ ወይ የሚለውን ለማወቅ ነው። አንቺ የምትተኚበትና ልብስ የምትቀይሪበት ቦታ፣ መታጠቢያ ቤትም ካሜራ አይገባም። ልጁ ወድቆ ቢጎዳ ደግሞ የአንቺ ጥፋት አለመሆኑን የሚመሰክርልሽ እሱ ነው።»

በዕድሜ ከፍ ያሉ ከሆኑ ይኸው ነገር በአንቱታ ይነገራል። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ለማባበል የገባ አይደለም። ዳዴ የሚል ልጅ በቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ ይወድቃል፤ ማታ ላይ ግንባሩ ላይ እብጠት ሲታይ ቅጂ ከሌለ የሚቀረው ጥርጣሬ ብቻ ነው። አማርኛ አፏን የፈታችበት ቋንቋ ካልሆነ፣ ኦሮምኛ ወይም ወላይትኛ የሚችል ሰው ተፈልጎ በራሷ ቋንቋ ይነገራት። «ገብቶኛል» ያለች ሁሉ ገብቷታል ማለት አይደለም።

ካሜራው ከተሰቀለ በኋላ ስልኩ ላይ የሚታየውን ሥዕል ያሳዩዋት። ይህች ትንሽ ነገር ብዙ ፍርሃት ታስወግዳለች፤ ካሜራ በግድግዳ አሳልፎ የሚያይ የሚመስላት ሰው አለች። በቅጥር ውሉ ላይ ደግሞ አራት ነገሮች ይጻፉ፦ ካሜራው ያለበት ክፍል፣ የሚሠራበት ሰዓት፣ ድምፅ መቅዳት አለመቅዳቱ፣ እና የሚያዩት ሰዎች እነማን እንደሆኑ። ማንበብ የማትችል ከሆነች ምስክር ባለበት ይነበብላት።

የሕጉም ነገር አለ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን ለማንኛውም ሰው ይሰጣል፤ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትኖር ሴት ከዚህ አትወጣም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል። በ2016 ዓ.ም ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። በውጭ አገር ላሉ ወገኖች አንድ ማሳሰቢያ፦ አሜሪካ ውስጥ በራስ ቤት ምስል መቅዳትና ድምፅ መቅዳት በተለያየ ሕግ ይታያሉ። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው በሜሪላንድ፣ በካሊፎርኒያና በዋሽንግተን ግዛት የግል ንግግርን ለመቅዳት የተናጋሪዎቹ ሁሉ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ግን ከተነጋጋሪዎቹ የአንዱ ፈቃድ ይበቃል። ሳያስፈቅዱ ካሜራው ላይ ድምፁን ክፍት መተው ጣጣ ያመጣል።

ምን ዓይነት ካሜራ?

ለቤት ውስጥ የሚበቃው የሥዕል ጥራቱ 1080ፒ ወይም 3 ሜጋ ፒክስል የሆነ፣ በዋይፋይ የሚሠራና ሜሞሪ ካርድ የሚቀበል ካሜራ ነው። ታፖ፣ ኢዝቪዝ፣ ኢሙ እና ሻዎሚ ገበያ ላይ በብዛት ይገኛሉ። ስም የሌላቸው፣ በአምፖል ቅርጽ የሚሸጡ ርካሽ ካሜራዎች ሥዕላቸው ደህና ሊሆን ይችላል፤ ችግራቸው መተግበሪያቸው ነው። የሶፍትዌር ማሻሻያ አይወጣላቸውም፤ አንዳንዶቹም ከፋብሪካ የመጡበት የይለፍ ቃል ለሁሉም አንድ ነው። ልጅ የሚታይበት ካሜራ ላይ በዚህ ገንዘብ ማትረፍ አይገባም።

ሁለት ቅርጾች አሉ፦ በሞተር የሚዞርና ቋሚ። የሚዞረው ክፍሉን ሁሉ ያያል፤ ነገር ግን «ተከታተል» የሚለው ቅንብር ከበራ ሞግዚቷን ተከትሎ ወደ ኩሽና በር ይዞርና ልጁን ጥሎት ይቀራል። የሚዞር ከገዙ መከታተሉን ያጥፉና ልጁ በሚውልበት አቅጣጫ ቋሚ ቦታ ይስጡት። ቋሚው ካሜራ 105 ዲግሪ ያህል ስፋት ካለው፣ ማዕዘን ላይ ሲሰቀል 4 በ4 ሜትር የሆነ ክፍል ይሸፍናል።

ያገለገለ ካሜራ ሲገዙ ሻጩ እፊትዎ ከራሱ መተግበሪያ ላይ እንዲያወጣው ያድርጉ። በቀድሞ ባለቤቱ አካውንት ላይ የታሰረ ካሜራ ሪሴት ቢደረግም (ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ ቢመለስም) ብዙ ጊዜ ወደ አዲስ አካውንት አይገባም።

ካርዱና ስሌቱ

1080ፒ ካሜራ በሰከንድ 1.5 ሜጋ ቢት ያህል ሲጽፍ በሰዓት 675 ሜጋ ባይት፣ በ24 ሰዓት 16 ጊጋ ባይት ይወስዳል። ስለዚህ 64 ጊጋ ባይት ካርድ 4 ቀን ገደማ፣ 128 ደግሞ 8 ቀን ገደማ ይይዛል። የሚቀዳው ወላጆች በሌሉበት 11 ሰዓት ብቻ ከሆነ 128ቱ ከሁለት ሳምንት ያልፋል። 3 ሜጋ ፒክስል ካሜራ በ2.5 ሜጋ ቢት ቢጽፍ ያው ካርድ 24 ሰዓት ሲቀዳ 5 ቀን እንኳ አይሞላም። አንድ ሳምንት ወደ ኋላ ማየት የማይቻልበት ካርድ ለዚህ ሥራ ያንሳል። ልጁ ላይ ምልክት የሚታይበት ቀንና ነገሩ የተፈጠረበት ቀን ሁልጊዜ አይገጥሙምና።

የሚገዛው ካርድ ለካሜራ የተሠራው፣ ማሸጊያው ላይ «ኢንዱራንስ» የሚል ያለበት ይሁን። ተራው የስልክ ካርድ ያለ ማቋረጥ ሲጻፍበት በወራት ውስጥ ሊሞት ይችላል። አሟሟቱ ደግሞ ድምፅ የለውም፤ የቀጥታ ሥዕሉ መታየቱን ይቀጥላል፣ ቅጂው ግን የለም። ሌላው የካርድ ችግር ሐሰተኛ መጠን ነው። 128 ተብሎ የተሸጠው ውስጡ 16 ሊሆን ይችላል። ከመትከልዎ በፊት ኮምፒዩተር ላይ ሙሉ ለሙሉ በፋይል ይሙሉትና መልሰው ያንብቡት፤ ይህን የሚሠሩ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ። ካለፈ በኋላ ካሜራው ውስጥ ከትተው በካሜራው መተግበሪያ ፎርማት ያድርጉት።

መብራትና ኢንተርኔት

መብራት ሲጠፋ ካሜራውም ራውተሩም ይጠፋሉ። መፍትሔው ለራውተር ተብላ የምትሸጠው አነስተኛ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ ኃይል የምትሰጥ መሣሪያ) ናት፤ 5፣ 9 እና 12 ቮልት መውጫ ያላት። 10,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የተጻፈባት 37 ዋት ሰዓት ያህል ጉልበት አላት፤ በመንገድ የሚባክነው ሲቀነስ 30 ገደማ ይቀራል። ራውተር 9 ዋት፣ ካሜራ 5 ዋት ቢወስዱ ሁለት ሰዓት ታቆያለች። ከዚያ በላይ ከተፈለገ ራውተሩን ትቶ ካሜራውን ብቻ ከዩፒኤሷ ጋር ማገናኘት ይሻላል፤ ኢንተርኔት ባይኖርም ካርዱ ላይ መቅዳቱን ይቀጥላል። ከመሰካትዎ በፊት የቻርጀሩን ጽሑፍ ያንብቡ። ብዙዎቹ 5 ቮልት ናቸው፤ 9 እና 12 የሚፈልጉም አሉ። 5 ቮልቱን ካሜራ በ12 መሰካት ያቃጥለዋል።

ከሥራ ቦታ በቀጥታ ለማየት የቤቱ ኢንተርኔት የመላኪያ ፍጥነት ለአንድ ካሜራ ቢያንስ 2 ሜጋ ቢት ይሁን። ሰው የሚለካው የማውረጃውን ነው፤ ለካሜራ ግን የሚያስፈልገው የመላኪያው ነው። በሞባይል ዳታ በሙሉ ጥራት ለአንድ ሰዓት ማየት 675 ሜጋ ባይት ይበላል፤ ጥራቱን ዝቅ ሲያደርጉ ወደ 180 ይወርዳል። ቀን ላይ ለቅኝት ዝቅተኛው ይበቃል።

የት ይሰቀል?

እዚህ ላይ ጊዜ ይውሰዱ። ከመብሳትዎ በፊት ካሜራውን መደርደሪያ ላይ ወይም በማጣበቂያ ሁለት ቀን አቆይተው ይሞክሩት።

ቁመቱ ከ2 እስከ 2.2 ሜትር፣ ቦታው ማዕዘን፣ አቅጣጫው ወደ ታች ያዘነበለ ይሁን። ከዚያ ከፍ ሲል የሚታየው አናት ብቻ ይሆናል፤ የሰው እጅ ምን እንደሚሠራ አይለይም። ፊቱን ወደ መስኮት አይስጡት፤ ቀን ላይ ሁሉም ሰው ጥላ ይሆናል። መስኮቱ ከጀርባው ወይም ከጎኑ ይሁን። ቴሌቪዥንና የሚወዛወዝ መጋረጃ በሥዕሉ ውስጥ ከበዙ የእንቅስቃሴ ማስጠንቀቂያው ቀኑን ሙሉ ይጮኻል።

ለሳሎን ሦስት ነገሮች በሥዕሉ ውስጥ መግባታቸውን ያረጋግጡ፦ ልጁ የሚጫወትበት ምንጣፍ፣ የሚመገብበት ቦታ፣ እና የውጭው በር። ቤት ውስጥ በከሰል ቡና የሚፈላ ከሆነ ረከቦቱና ከሰል ማንደጃው የሚቀመጡበት ጥግም ይግባ። ዳዴ ለሚል ልጅ የፈላ ጀበና እና ፍም ያለበት ምድጃ በጣም አደገኛ ናቸው፤ በዝግ ክፍል የተቀጣጠለ ከሰል ደግሞ ጭሱ ባይታይም ሰው ይገድላል። ይህ ጥግ ከታየ በኋላ የሚደረገው ሞግዚቷን መውቀስ ሳይሆን ቡናው የሚፈላበትን ቦታ መቀየር ነው።

የልጁ ክፍል ላይ ሌሊት የሚያጋጥም አንድ ነገር አለ። ካሜራው በጨለማ የሚያየው ዓይን በማያየው ኢንፍራሬድ ብርሃን ነው። የሕፃኑ አልጋ ላይ አጎበር ከተወጠረና ካሜራው ቅርብ ከሆነ ብርሃኑ አጎበሩ ላይ ነጥሮ ይመለስና ሥዕሉ ነጭ ጉም ይሆናል፤ ሕፃኑ አይታይም። ካሜራው ከመስታወት ጀርባ ሲቀመጥ ወይም ከነጭ ግድግዳ ጋር ሲጣበቅም እንዲሁ ነው። ከአጎበሩ ቢያንስ ሁለት ሜትር ያርቁት፣ ከጎን ግድግዳና ከመደርደሪያ ጠርዝ 30 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ ካልሆነም ኢንፍራሬዱን አጥፍተው ደብዛዛ የሌሊት አምፖል ያብሩ።

ገመዱ ከሕፃኑ አልጋ ቢያንስ 1 ሜትር ይራቅ። ቆሞ የሚደርስበት ልጅ ጎትቶ አንገቱ ላይ ሊያጠልቀው ይችላል። ግድግዳው ላይ በፕላስቲክ ቻናል ይሸፈን። የ5 ቮልት ካሜራን በቀጭን የዩኤስቢ ገመድ ከ5 ሜትር በላይ ማራቅም ችግር ያመጣል፦ ቀን ደህና ይሠራና ማታ ኢንፍራሬዱ ሲበራ ኃይል ያንሰዋል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይነሳል። «ማታ ማታ ይበላሻል» የሚባል ካሜራ ብዙ ጊዜ በሽታው ይህ ነው። ኤክስቴንሽኑን አስረዝመው የዩኤስቢ ገመዱን ያሳጥሩት።

ለብሎኬት ግድግዳ 6 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያና 6 ቁጥር ፊሸር ይበቃል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ኮንክሪት የሆነው ክፍል በተራ ድሪል አይበሳም፤ መዶሻ ያለው ድሪል ተውሰው ይሥሩ።

ሞግዚቷ ልጁ ክፍል ስትተኛ

በብዙ ቤት፣ በተለይ ባለ አንድና ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም፣ ሞግዚቷ የምትተኛው ልጁ ክፍል ወይም ሳሎን ነው። ያን ጊዜ «የመኝታ ክፍሏ ካሜራ የለውም» የሚለው ቃል ባዶ እንዳይሆን በሰዓት መከፋፈል ያስፈልጋል። ወላጆች ሲገቡ ካሜራው ይጠፋል፣ ጠዋት ሲወጡ ይበራል። አብዛኞቹ መተግበሪያዎች ይህን በራሳቸው የሚያደርግ የሰዓት ሠንጠረዥ አላቸው፤ ለምሳሌ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ሌንሱ ይሸፈናል። ሌንሱ ሲሸፈን በዓይን የሚታይ ካሜራ ይምረጡ፤ እሷም መዘጋቱን ማየት አለባት። ሌሊት ለሕፃኑ ድምፅ ብቻ ካስፈለገ የድምፅ ማድመጫ መሣሪያ ለብቻው ይገዛል። ቀን ላይ ደግሞ ልብስ የምትቀይርበት፣ የምትጸልይበት ወይም የምትሰግድበት፣ ካሜራ የማያየው አንድ ጥግ በግልጽ ይመደብላት።

ልጁ የሚታጠብበትና ዳይፐር የሚቀየርበት ቦታም ከሥዕሉ ውጭ ይሁን። የልጅ ገላ የሚታይበት ቪዲዮ ካርድ ላይም ሆነ ኢንተርኔት ላይ መቀመጥ የለበትም።

ማገናኘት

1. የስልክዎን ዋይፋይ 2.4 ጊጋ ኸርዝ በሆነው ኔትወርክ ላይ ያድርጉ። አብዛኞቹ የቤት ካሜራዎች 5 ጊጋ ኸርዙን አያዩም። ራውተሩ ሁለቱንም በአንድ ስም የሚያሰራጭ ከሆነ ለጊዜው 5ቱን ያጥፉ። «አልተገናኘም» የሚለው መልእክት ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው።
2. ስልኩ ላይ ቪፒኤን ካለ ያጥፉ፣ ለመተግበሪያው የቦታና የብሉቱዝ ፈቃድ ይስጡ።
3. በወላጅ ኢሜይል አካውንት ይክፈቱ። ካሜራውን የሰቀለው ባለሙያ በራሱ ስልክና ኢሜይል ከፍቶ እንዳይሰጥዎ፤ ቤትዎ እሱ ስልክ ላይ ይቀራል።
4. ካሜራውን ከራውተሩ አጠገብ ሰክተው መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ሲጀምር ኪውአር ኮዱን ያንብቡ። ኮዱን ካሜራው የሚያነብ ዓይነት ከሆነ የስልኩን ብርሃን ከፍ አድርገው ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር አርቀው ያሳዩት።
5. ከተገናኘ በኋላ ወደሚሰቀልበት ቦታ ወስደው የዋይፋዩን ኃይል መተግበሪያው ላይ ይዩ። ቁጥሩ የሚጻፈው በመቀነስ ምልክት ነው፦ ከ-65 በላይ (ወደ ዜሮ የቀረበ) ከሆነ አሪፍ ነው፤ ከ-75 በታች ከወረደ ሥዕሉ ይቆራረጣል። ሁለት የብሎኬት ግድግዳ በመሃል ካለ ራውተሩን ማንቀሳቀስ ካሜራውን ከማንቀሳቀስ ይቀላል።
6. የሶፍትዌር ማሻሻያ ካለ ያኔውኑ ይጫን።

ቅንብሩ

ሰዓቱን ያስተካክሉ፤ ቀጠናው አዲስ አበባ ወይም ናይሮቢ፣ ማለት ጂኤምቲ ሲደመር 3 ይሁን። ካሜራው የሚጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነውና 14:30 ያለው ከቀኑ 8፡30 ነው። «8 ሰዓት ላይ አብልቼዋለሁ» ያለችውን 08:00 ላይ ፈልጎ ማጣትና መጠራጠር እንዳይመጣ፣ ቅጂውን የሚያዩት ሁሉ ይህን 6 ሰዓት ልዩነት ይያዙ።

ቀጥሎ የአቀዳዱ ነገር። ብዙ ካሜራዎች ከፋብሪካ ሲመጡ እንቅስቃሴ ሲያዩ ብቻ እንዲቀዱ ሆነው ነው። ለሌባ ይህ ጥሩ ነው፤ ለሞግዚት አይሆንም። ሕፃን ላይ የሚደርሰው ችግር አብዛኛው የተደረገ ሳይሆን ያልተደረገ ነገር ነው፦ ያልተሰጠ ጡጦ፣ አልጋ ላይ እያለቀሰ ብቻውን የቆየበት ሰዓት፣ ሶፋ ላይ ያለ ጠባቂ የተተወ የአራት ወር ልጅ። ባዶ ክፍል እንቅስቃሴ ስለሌለው ካሜራው ያን አይቀዳውም፤ ቀርቶ የሚገኘው የገባችበትና የወጣችበት አጭር ቁራጭ ብቻ ነው። ስለዚህ በሥራ ሰዓት «ያለማቋረጥ ቅዳ» የሚለውን ይምረጡ፤ ካርዱ ሲሞላ ከአሮጌው እየጀመረ በላዩ ይጽፋል።

ማስጠንቀቂያ የሚያስፈልገው ለሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ለውጭው በርና፣ ካሜራው ካለው፣ ለሕፃን ለቅሶ። ሌላውን ያጥፉ። በቀን ሁለት መቶ ጊዜ የሚጮህ ስልክ በሳምንቱ ድምፁ ይዘጋል፤ ያን ጊዜ ዋናውም አብሮ ያልፋል።

በካሜራው ድምፅ ማጉያ አይናገሩ። ሕፃኑ የእናቱን ድምፅ ሰምቶ እናቱን ያጣታል፤ ማልቀስ ይጀምራል። ሞግዚቷም ከግድግዳ የሚመጣ ትእዛዝ ስትሰማ መደንገጧ አይቀርም፣ ልጁ ክንዷ ላይ ሊሆን ይችላል። የሚባል ነገር ካለ ስልክ ይደወል።

የይለፍ ቃሉ ከ12 ፊደልና ቁጥር አይነስ፣ ሌላ ቦታ ያልተጠቀሙበት ይሁን፤ በኤስኤምኤስ ወይም በኢሜይል የሚመጣው ሁለተኛ ማረጋገጫም ይከፈት። ለትዳር አጋር የሚሰጠው በመተግበሪያው «አጋራ» በሚለው በኩል ነው፤ የይለፍ ቃል ተቀባብሎ አይደለም። ከሁለቱ ወላጆች ሌላ ወንድም፣ አጎት፣ ጓደኛ አይጨመር። ቤት ውስጥ የምትሠራ ሴትን ማን ሁሉ ስልኩ ላይ እንደሚያያት ማሰብ የወላጆች ኃላፊነት ነው።

ቅጂውን ማየት

ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ማፍጠጥ ሥራዎንም ያበላሻል፣ የሚያዩትንም ያዛባል። ተነጥቆ የታየ አሥር ሰከንድ ሁሌም ከእውነቱ የከፋ ይመስላል። ሥርዓት ያብጁ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በየምሽቱ 20 ደቂቃ። አራት ጊዜያትን ይምረጡ፦ ወላጆች ከወጡ በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓት፣ የምሳ ሰዓት፣ የቀን እንቅልፍ፣ እና ከመግባትዎ በፊት ያለው ግማሽ ሰዓት። በ8 ወይም በ16 እጥፍ ፍጥነት ያሳልፉና የሚያጠራጥር ሲያጋጥም ከ2 ደቂቃ በፊት ጀምረው በተለመደው ፍጥነት ይዩ። ከዚያ በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል፤ ቀኑ ግን አንድ ዓይነት አይሁን።

ምን ይታያል? ሕፃኑ ሲተኛ በጀርባው ነው ወይ፤ ፊቱ አጠገብ ትራስና ወፍራም ብርድ ልብስ አለ ወይ። ጡጦውን ይዛ ታጠጣዋለች ወይስ በትራስ ደግፋ ትሄዳለች፤ ይህ ያንቃል። ምግብ ሲበቃው ትተወዋለች ወይስ አፍንጫውን ይዛ ታስውጠዋለች። ይህ በብዙ ቤት እንደ ደግ ነገር የሚቆጠር ነው፣ ግን ምግቡ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። ሲያለቅስ ምን ያህል ቆይታ ትደርሳለች። ቴሌቪዥን ፊት ስንት ሰዓት ይቀመጣል። እና፣ ከሁሉ በላይ፣ ልጁ ወደ እሷ ነው የሚሄደው ወይስ ከእሷ የሚሸሸው። ስትጠጋው የሚሸማቀቅ ልጅ ካሜራ የሚያሳየው ትልቁ ምልክት ነው።

መልካሙንም ይመዝግቡ። «ዛሬ ሲያተኩሰው ፎጣ አርሰሽ ሰውነቱን ማቀዝቀዝሽን አይቻለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» የሚባል ቃል ካሜራውን ከሰላይነት ያወጣዋል። የሚስተካከለውን ደግሞ ቅዳሜ ረጋ ብለው ያሳዩዋት፣ አብረው በተግባር ይሥሩት። በትራስ የተደገፈ ጡጦ የመባረሪያ ምክንያት አይደለም፤ ማንም አላስተማራትም። ለእረፍቷ የተመደበው ሰዓት ውስጥ ስልክ ማውራቷ፣ ከእንጀራው መቁረሷ፣ ሶፋ ላይ ጋደም ማለቷ የካሜራው ጉዳይ አይደለም።

ከባድ ነገር ከታየ

መምታት፣ መቆንጠጥ፣ መወርወር፣ ሕፃን ይዞ መነቅነቅ፣ መድኃኒት ወይም አልኮል ሰጥቶ ማስተኛት፣ ቤቱን ቆልፎ ልጅን ጥሎ መሄድ። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

በመጀመሪያ ወደ ቤት የሚደርስ ሰው፦ ጎረቤት ወይም ዘመድ «ዕቃ ልወስድ መጣሁ» ብሎ ይግባና ልጁን ይያዝ። በስልክም በካሜራም አይጩኹ፤ የተደናገጠ ሰውና ልጅ ብቻቸውን ቤት ውስጥ ናቸው። ሁለተኛ ሐኪም ቤት። ተነቅንቆ የነበረ ሕፃን ከላይ ምንም ምልክት ላይኖረው ይችላል፤ ማስታወክ፣ መደንዘዝ፣ መጥባት አለመፈለግ ወይም ማንቀጥቀጥ ካለ አንድ ሰዓት እንኳ አይጠበቅም። ለሐኪሙ ያዩትን በግልጽ ይንገሩ።

ሦስተኛ ቅጂው። ካርዱ በላዩ እየጻፈ ስለሆነ ካሜራውን ያጥፉና ካርዱን አውጥተው በሌላ ይተኩ። ኦሪጅናሉን ፋይል ሁለት ቦታ ያስቀምጡ፤ የስልክ ስክሪን የተቀዳ ቪዲዮ ጥራቱም ሰዓቱም ይጠፋል። ቆርጠው አያሳጥሩት፤ ከድርጊቱ በፊትና በኋላ ያለው ቢያንስ አሥር ደቂቃ አብሮ ይቀመጥ። ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ፣ ወይም አስቸኳይ ከሆነ 991።

ሞግዚቷን ቤት ውስጥ መቆለፍ፣ መታወቂያዋን መያዝ፣ መምታት፣ የሠራችበትን ደሞዝ መከልከል ወንጀሉን ወደ እርስዎ ያዞረዋል። ቪዲዮውን ቲክቶክ ወይም ቴሌግራም ላይ መልቀቅም እንዲሁ አይደረግ። የልጁ ፊትና የደረሰበት ነገር ለዘለዓለም እዚያ ይቀራል፤ ጉዳዩም ለፍርድ ከመቅረቡ በፊት ይበላሻል።

ሞግዚቷ ስትለቅ፣ ካሜራው ሲነሳ

በየወሩ አንድ ቀን መርጠው ከሳምንት በፊት የነበረ ቅጂ ከፍተው ይዩ፤ ከተከፈተ ካርዱ ደህና ነው። ሌንሱን በለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉ፣ አቧራ ሌሊት ላይ ሥዕሉን ያጨፍናል። ሞግዚት ስትቀየር የዋይፋዩ የይለፍ ቃል ይቀየር፣ የቀድሞዋ ቅጂዎች ይጥፉ፤ አዲሷም ከመጀመሪያው ጀምሮ በአዲስ መልክ ይነገራት። ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባና ካሜራው ሲሸጥ ወይም ለዘመድ ሲሰጥ ካርዱን አውጥተው ያስቀሩ፣ ከመተግበሪያው ላይ ካሜራውን ያውጡ፣ ከዚያ የሪሴቱን ቁልፍ መብራቱ እስኪለወጥ ድረስ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ተጭነው ይያዙ። ኢንተርኔት ላይ የሚያስቀምጥ አገልግሎት ከፍለው ከነበረ እዚያ ያለው ለብቻው ይጠፋል፤ የካሜራው ሪሴት አይደርስበትም።